አደጋ ሲነበብ አሜን

በአዲስ ሎሜ ከተማ ሳይነበብ አይበላም። ሕጉ አጭርና ግልጽ ነው፤ እንግዳ የሚቀርብበት ማዕድ ሁሉ ከመቆረሱ በፊት ፈቃድ ያለው የአደጋ መዳቢ ይቆምና፣ የቀረበው ምግብና መጠጥ፣ መያዣው ሳይቀር፣ ምን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ከነምድቡ ጮክ ብሎ ያነባል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሕዝቡ አደጋውን ሰምቶ እንዲጠነቀቅ ነበር ሐሳባቸው። ቅን ሰዎች ነበሩ። የረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ አገር አንድ ሰው ማዕድ ፊት ቆሞ በረጋ ድምፅ የሆነ ነገር ሲያነብ የሰማ ሕዝብ አሜን ሳይል አያልፍም።

ወይዘሮ ሶልያና መዳቢ ሆና የተቀጠረች ሰሞን ይህን ልታርም ሞክራ ነበር። የመጀመሪያ ንባቧ አንድ ክርስትና ላይ ነው። "በርበሬ፤ ዓይን ያስቆጣል፣ ምድብ ሁለት" ብላ ስትጀምር አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው አሜን አሉ። ምርቃት አለመሆኑን በትሕትና አስረዳቻቸው። ሽማግሌውም በትሕትና አዳመጧትና፣ "ልጄ፣ አንቺ አንብቢ፤ አሜኑን ለእኛ ተይው" አሏት። እነሆ ዛሬ እሷም ሸብታለች፤ አሜኑ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

እንዲያውም ብሶበታል። ንባብ የክብር መለኪያ ሆኗል። ብዙ ዓይነት ያቀረበ ደጋሽ ብዙ አደጋ ይነበብለታል፤ ብዙ የተነበበለት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። "ለጎረቤቴ ልጅ የናፕኪኑ መቀጣጠል እንኳ ሳይቀር ተነብቦ፣ ለእኔ ልጅ ሁለት መስመር?" ብሎ ሶልያናን ዓመት ሙሉ ያኮረፈ አባወራ አለ። ከዚያ ወዲህ እሷም ብልጥ ሆነች። ድግሱ ሳሳ ያለ እንደሆነ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊወድቅ እንደሚችል፣ የድንኳኑ ገመድ ሊጠልፍ እንደሚችል ትጨምርበታለች። ደጋሹ ደስ ይለዋል። እሷም ያው ሥራዋን ሠርታ ትመረቃለች።

ቅምሻው ደግሞ ሕጉ ውስጥ የለም፤ ሕዝቡ ነው የጨመረው። ድሮ አሳላፊ የሚያቀርበውን መጠጥ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነበር የሚሰጥ፤ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫው ያ ነበር። ስለዚህ መዳቢዋ አንብባ ስትጨርስ የመጀመሪያው ዋንጫ ለእሷ ይሰጣል። እሷ ትጎነጫለች፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ድግሱ ይጀመራል። ሶልያና ስንቱን አደጋ አንብባ ስንቱን እንደጠጣች ራሷም አታውቀው። ሰፈርተኛው "የመዳቢ አፏ ሌላ፣ ጉሮሮዋ ሌላ" እያለ ይተርታል። አፏ መርዝ ነው ይላል፣ ጉሮሮዋ ይውጠዋል። ሰዉ የሚያምነው ጉሮሮዋን ነው።

ሰዉም አይፈረድበትም። ምደባውን የሚሠራው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ፈሪ ነው። ደህናውን ነገር አደገኛ ነው ብሎ የተሳሳተ ማሽን ተነቅሎ አያውቅም። አደገኛውን ደህና ነው ያለ አንድ ማሽን ግን በማግሥቱ ተነቅሎ ተጣለ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ትምህርቱን ቀስመዋል። ስለዚህ ቀይ ጠርዝ ያለው የአደጋ ምልክት ያልተለጠፈበት ነገር የለም። ትራስ ያፍናል፣ ማር ያንቃል፣ ውኃ ያሰጥማል። የሶልያና ባል አቶ ባስልኤል ጠዋት ስኳር ሲጨምር የስኳሩ ዕቃ ምድቡን እየጠቀሰ ይጮኽበታል። እሱም "እሺ እመቤቴ" ይለውና ሁለተኛውን ማንኪያ ይደግማል።

ልጆች ከፊደል በፊት ምልክቶቹን ይለያሉ፤ ስምም አውጥተውላቸዋል። የራስ ቅሉ "ሳቂታው" ነው። እሳቱ "ደመራ" ነው። ደረቱ ላይ ነጭ ኮከብ የፈነዳበት ሰውዬ ደግሞ አለ። እሱ በመዳቢዎች ቋንቋ ቀስ ብሎ ውስጥ የሚገባ፣ ዓመታት ቆይቶ የሚገድል ነገር ማለት ነው። ልጆቹ ግን "ፍቅር የያዘው" ብለው ጠሩት፤ ልጆቹ አድገው ጎረምሶች ሲሆኑ ስሙም አብሯቸው አደገ። አሁን የሠርግ መጥሪያ ላይ ይታተማል። በቬሎ ላይ በክር የሚያስጠልፉትም አሉ።

ልዝብ ሰባት የሶልያና ጠረጴዛ ላይ የመጣው የጎረቤቷ የሃሴት ልጅ ልትዳር አንድ ሳምንት ሲቀራት ነው። ልዝብ ሰባት የቆዳ ፋብሪካው ደረቅ ቆዳ የሚያለሰልስበት ፈሳሽ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በጊዜያዊ ምድብ ሲሠራበት ቆይቶ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ለመጨረሻ ምደባ ቀረበ። ማሽኑ ለጨው በተናገረበት ድምፅ ምድቡን ተናገረ፤ ሶልያናም እንደ ልማዷ ልትፈርም እጇን ዘረጋች። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ጥናቱን ከፍታ አነበበችው።

በአካላዊ አደጋው በኩል ልዝብ ሰባት ጨዋ ነበር። አይቀጣጠልም፣ አይፈነዳም፣ ብረት አይበላም፣ ሽታ እንኳ የለውም። የጤናው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ሶልያና መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አደረገች። ጉበት ያበላሻል፣ ካንሰር ያመጣል፣ ማሕፀን ውስጥ ያለ ልጅ ይጎዳል፤ ሁሉም ከምድቦቹ የከፋው ምድብ አንድ፣ ሁሉም በጥርጣሬ ሳይሆን በማስረጃ። የባሰው ደግሞ ጠባዩ ነበር። የተቀመጠበት ፕላስቲክ ውስጥ ይሰርጋል፤ ዕቃው ቢታጠብ፣ በፈላ ውኃ ቢቀቀል አይለቅም። በኋላ ሌላ ነገር ሲሞላበት ግን ቀስ እያለ ይወጣል። ውኃ ውስጥ በዝግታ ይወጣል፤ አልኮልና ጎምዛዛ ነገር ሲያገኝ ግን ተግተልትሎ ነው። ሶልያና በሥራ ዘመኗ ብዙ ምድብ አንድ አይታለች፤ የማጣበቂያ ምድብ አንድ፣ የሻማ ምድብ አንድ። ፈርታ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ፈራች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የሃሴት ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሃሴትና እሷ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ልጆቻቸውን አንድ ላይ ነው ያሳደጉት፣ ሶልያና ከሥራ ስትወጣም እዚያ ሳትገባ ቤቷ አትገባም። ግቢው ውስጥ ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል። በየበርሜሉ ሆድ ላይ ፍቅር የያዘው ሰውዬ ተለጥፏል። የሃሴት ባል አቶ ናሆም የቆዳ ፋብሪካው ፎርማን ነው፤ ፋብሪካው ልዝብ ሰባት ያለቀበትን በርሜል ለሠራተኞቹ ያድላል፣ ከተማውም በርሜል አይጥልም። ሙሽራዋ አስካለ ምልክቱን ባየች ጊዜ፣ የሠርጌ ጠላ ከእነዚህ በቀር በሌላ አይቀርብም፣ መድረኩ ግራና ቀኝ አበባ ተደርጎላቸው ይቁሙ ብላ ነበር። የዘመኑ ወጣቶች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መልሰው አመጡ እንጂ የቅድመ አያቶቻቸውን ጋን አላመጡም።

ሶልያና በርሜሎቹ ባዶ መስለዋት ነበር። ሃሴት ሳቅ ብላ አንዱን ከፍታ አሳየቻት። ጠላው ተጠምቆ አልቋል፤ ጠረኑ አፍንጫ ያውዳል።

ሶልያና ያነበበችውን ሁሉ ነገረቻት። ጠላው እንዲደፋ፣ ከገበያ ቢራ እንዲገዛ፣ ወጪውን እሷና ባስልኤል እንደሚጋሩ ለመነቻት። ሃሴት መጀመሪያ ሳቀች። ሶልያና ሳትስቅ ስትቀር ደግሞ ከፋት። ለአንድ ልጇ ሠርግ ጌሾውን በእጇ መርጣ፣ ብቅሉን በእጇ አስጥታ የጠመቀችው ጠላ ነው።

"ሶሊዬ፣ ባለፈው ትራሱ ያፍንሻል አልሽኝ። ይኸው ተኝቼበት ጠዋት ነቃሁ።"

"ይሄ ትራስ አይደለም። ይሄኛው እውነት ነው።"

"ሌላው ውሸት ነበር?"

 ሶልያና አዎ ብትል የዕድሜ ልክ ሥራዋ ገደል ገባ፤ አይደለም ብትል ልዝብ ሰባት ከትራሱ ጋር አንድ ሆነ። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሃሴት ከኋላዋ፣ ንባቡን አደራ ረዘም አድርጊልኝ ብላ ጮኸችላት፤ ኩርፊያው እንኳ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቆየባትም።

በማግሥቱ ኃላፊዋ ዶክተር ያቤጽ ዘንድ ገባች። ዶክተር ያቤጽ ሰው የሚያዳምጥ፣ መልካም ጠባይ ያለው፣ እስከዛሬ አንዳች ነገር ወስኖ የማያውቅ ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ከልቡ አዘነ። በርሜሎቹ እንዲያዙ ስትጠይቀው ግን ችግሩን አስረዳት። ምድብ አንድ የሆነ ዕቃ ሁሉ ይያዝ ቢባል ከየሰዉ ቤት ምጣድና ሻማ ሊለቀም ነው፤ ለይቶ ለመያዝ ደግሞ ሕግ አይፈቅድም። ከምድብ አንድ በላይ ሌላ ምድብ እንዲሰጠው ጠየቀችው።

"ወይዘሮ ሶልያና፣ ከአንድ በላይ ምን አለ ይላሉ?" አላት።

ካሰበበት በኋላ ግን ዓይኑ በራ። ምድብ ዜሮ የሚባል ነገር ሊጠና ይችላል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ለኮሚቴው ሻይና ዳቦ ይቀርባል፤ ሻይና ዳቦ ከቀረበ ደግሞ አንባቢ ያስፈልጋል፤ እሷ ብትመደብ ደስ ይለዋል። ሠርጉ እሑድ ነው ብላ ስታስታውሰው ጥናቱ እሑድን እንደሚያልፍ በሐዘን አመነ። ለፋብሪካው ደብዳቤ እንደሚጽፍም ቃል ገባላት። ደብዳቤውን በእርግጥም ጽፎታል፤ ከሠርጉ በኋላ ነው እንጂ።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ሶልያና ግን ሃሴትን ለመከራ ልትሰጣት አልፈለገችም። ሠርጉ ላይ አላነብም ብላ ልትቀር አሰበች፤ ያኔ መሥሪያ ቤቱ ሌላ አንባቢ ይልካል፣ እሱም አንብቦ በደስታ ይጠጣል፣ ሁለት መቶ ሰው ተከትሎት ይጠጣል። ሌሊት ተነሥቶ በርሜሎቹን መድፋትም ትዝ ብሏት ነበር፤ ጉልበቷን አስባ ተወችው። ባስልኤልን ብታማክረው፣ "አንቺ ስትናገሪ ማንም አይሰማም፤ ስትውጪ ነው የሚያዩሽ" አላት። የጠዋት ስኳሩን እየጨመረ ነበር። ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር አላወቀችም፤ ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ ቀረ።

እሑድ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ግራና ቀኝ ሰማያዊዎቹ በርሜሎች አንገታቸው ላይ አበባ ታስሮላቸው ቆመዋል። ሙሽራዋ አስካለ በጥልፍ ቬሎዋ አምራ፣ ከሙሽራው ጋር እየተሳሳቀች ተቀምጣለች። ሃሴት ወርቃማ ጥበብ ያለበት አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሶልያና ከፊት ስትቆም ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሽማግሌዎች ባርኔጣ አወለቁ፤ እናቶች ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከወጡ ጀመረች። ያቃጥላል፣ ምድብ ሁለት። አሜን። ጥብሱ ትኩስ ነው፣ ቆዳ ይልጣል። አሜን። ቢላዋው ስለታም ነው። አሜን። ሃሴት አደራ ባለቻት መሠረት ምንጣፉንም፣ ፊኛዎቹንም፣ የድምፅ ማጉያውንም አልዘለለችም። ሃሴት ከዘመዶቿ መካከል ሆና በየአሜኑ ደስታዋ ይጨምራል። ሶልያና ጠላው ላይ ስትደርስ ከወረቀቷ ቀና አለች።

"ጠላው ያለበት በርሜል ልዝብ ሰባት የነበረበት ነው" አለች። "ካንሰር ያመጣል፣ ምድብ አንድ።"

"አሜን።"

"ጉበት ያበላሻል፣ ምድብ አንድ።"

"አሜን።"

"በማሕፀን ያለ ልጅ ይጎዳል።"

ሠርግ ላይ ልጅ የሚል ቃል ሲነሣ ሌላውን የሚሰማ የለም፤ እልልታው ድንኳኑን ነቀነቀው። ሶልያና እልልታው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና፣ ይህን ከማሽን ሳይሆን ከራሷ እንደምትናገር፣ እውነቷን እንደሆነ፣ ይህን ጠላ ማንም እንዳይጠጣ ነገረቻቸው። ሕዝቡ በተመስጦ አዳመጣት። አነጋገሯ ልብ የሚነካ ነበር፤ ስለዚህም ከእስከዛሬው ሁሉ የደመቀ አሜን መለሰላት።

ሃሴት ራሷ ዋንጫውን ሞልታ፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ሶልያና ተቀበለቻት። ጠላው ጥሩ ጠላ ነበር፣ ድፍርስ ያልሆነ፣ ጠረኑ የሚጣራ። የሁለት መቶ ሰው ዓይን ጉሮሮዋን ያያል። ያን ጊዜ አንድ ጉንጭ ብትጎነጭ ምን ትሆናለች የሚል ሐሳብ በእርግጥ መጥቶባታል፤ አንድ ጉንጭ አይገድልም። የሚገድለው ከእሷ ጉንጭ በኋላ የሚመጣው ነበር።

"አልጠጣም" አለች።

ከኋላ አባባ ሮቤል የሚባሉ፣ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ "አሜን" አሉ። ከእሳቸው በቀር ግን ድንኳኑ ውስጥ የተነፈሰ የለም። መዳቢ ዋንጫ ስትመልስ በአዲስ ሎሜ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የሚያክል ስድብ እንዴት እንደሚሰደብ እንኳ እስከዚያች ደቂቃ ማንም አላሰበበትም።

ሃሴት ፈገግታዋን ፊቷ ላይ እንደያዘች፣ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ "ሶሊ፣ በልጄ ሠርግ አታዋርጂኝ። አንድ ጉንጭ" አለቻት።

"አልጠጣም ሃሴት። አንቺም አትጠጪ።"

የሃሴት ፊት ቀላ። ዘመዶቿን አየች፣ የሙሽራውን ወገን አየች፣ የመጨረሻውን ፈገግታዋን አጠፋች። ዋንጫውን ከሶልያና እጅ ነጠቀችና፣ "እንግዲያው የእኔን ጠላ እኔው እቀምሰዋለሁ" ብላ ወደ አፏ አነሣችው።

ሶልያና ሳታስበው እጇ ወጣ። ዋንጫውን በጥፊ መታችው። ዋንጫው ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ፤ ጠላው ከሃሴት አንገት ጀምሮ ወርቃማው ጥበብ ላይ ወረደ። ሃሴት እጆቿን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ሶልያና የገዛ እጇን አየችው። ከዚህ በኋላ ከዚህች ሴት ጋር ግድግዳ እንጂ ሌላ የምትጋራው ነገር እንደማይኖር ገባት፤ እንባዋ መጣ።

ከእንግዶቹ አንዱ ዋንጫውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዓይኖች ሁሉ ቀስ በቀስ ከሶልያና ወደ በርሜሎቹ ዞሩ። አቶ ናሆም ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ አንዱ በርሜል ሄደ፤ አበባውን ገለጥ አድርጎ ምልክቱን፣ ከምልክቱም ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አጎንብሶ አነበበ። የዕድሜውን ግማሽ ከዚያ ጽሑፍ ጋር ሲውል አንድ ቀን አንብቦት አያውቅም። ቀና ሲል ፊቱ ላብ አውጥቷል። ሚዜዎቹን ጠርቶ በርሜሎቹን እንዲያወጡ በእጁ አሳያቸው። ወደ ቦዩ ሊደፉት ሲሉ ሶልያና ጮኸችባቸው፤ ክዳኑ ተጠርቅሞ ወደ ፋብሪካው መኪና ላይ እንዲጫን አደረገች። ፍቅር የያዛቸው ሰውዬዎች አንድ በአንድ፣ አበባቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ ከድንኳኑ ወጡ።

ሠርጉ አልተበተነም። የኢትዮጵያ ሠርግ በዚህ አይበተንም። ለስላሳና ቢራ ከየሱቁ ተሰበሰበ፤ ወጡ ተበላ፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሰዉም ዳር ዳሩን ለዓመታት የሚያወራውን ወሬ ከወዲሁ ማጣፈጥ ጀመረ፤ አንዱ በጥፊ የተመታችው ዋንጫዋ ናት ሲል ሌላው ሃሴት ራሷ ናት ይላል።

ሶልያና ወጥ ከሚሠራበት ዳስ ጀርባ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነበር።  ጀንበሯ እያዘቀዘቀች ነው። ሃሴት ቀሚስ ቀይራ፣ ተራ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሶልያና ስድቡን ልትቀበል አንገቷን ደፋች። ሃሴት አልተሳደበችም። አጠገቧ ተቀመጠችና ወደ ፊት እያየች ጠየቀቻት።

"ምን ያደርጋል?"

"ምድብ አንድ ነው፤ ተደጋጋሚ ንክኪ ሲኖር..."

"ምድቡን ተይው። ሰውን ምን ያደርጋል?"

ሶልያና ያንን ሁሉ ዘመን ስታነብ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ወረቀት ሳትይዝ፣ እንደ ጎረቤት ነገረቻት። መጀመሪያ ድካም ነው፣ ሰው እንቅልፍ ያጣሁ ነው ብሎ የሚያልፈው። ከዚያ ምግብ መጥላት። ከዚያ የዓይን ቢጫነት፤ ያን ጊዜ ብዙው ነገር አልፏል። ቀድሞ ለደረሰበት መድኃኒት አለው፤ ቀድሞ የሚደርስበት ግን የሚጠረጥር ሰው ብቻ ነው። ሃሴት ሳታቋርጥ ሰማቻት። ዘፈኑ ተለወጠ፣ ጭብጨባው ደመቀ።

"ናሆም የመጀመሪያውን በርሜል ያመጣው ለሠርጉ አይደለም" አለች ሃሴት። "ክረምቱ ሳይገባ ነው ያመጣው።"

"የት ነው ያለው?"

ሃሴት ተነሥታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። በርሜሉ ጥግ ላይ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ማንም በርሜል ነው እንዳይለው ተደርጎ ቆሟል። ክዳኑ ላይ ጣሳ ተቀምጧል። የመጠጥ ውኃቸው ነበር። ሶልያና ከሥራ ስትመለስ እዚህ ቤት ገብታ፣ ቁጭ ከማለቷ በፊት ሃሴት የምትሰጣት ያ ቀዝቃዛ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

"አንቺም ጠጥተሻል" አለች ሃሴት።

"ጠጥቻለሁ።"

ሃሴት ክዳኑን ከፈተችው። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ምንም የሌለበት፣ ማንንም የማይጎዳ ውኃ ይመስላል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ከድንኳኑ የሙሽራዋ ሳቅ ከሁሉም ድምፅ በላይ ተሰማ፤ ሃሴትም ወደ ሳቁ ዞረች።

"አስካለስ?"

 በዚህ ቤት ያደገች ልጅ ከዚህ ቤት ውኃ በቀር ከየት ትጠጣለች።

"ነገ በጠዋት ሁላችንም ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለች ሶልያና። "ናሆምንም ይዘን። ገና ነው ሃሴት፤ ከክረምት ዋዜማ ወዲህ ማለት ገና ነው። ውኃ ደግሞ እንደ ጠላ አይደለም።"

"አሁን ልንገራት?"

"ዛሬ ትጨፍር።"

ሃሴት ነገ መልስ ነው ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው፤ ጣሳውን አንሥታ ሶልያና እጅ ላይ አኖረችው፣ ሶልያናም ምን እንደምታደርግበት ሳታውቅ ያዘችው። ከድንኳኑ እየተጣሩ ነበር። የሙሽራዋ እናት ትምጣ፣ የሙሽራዋ እናት ትውጣ እያሉ ይዘፍናሉ። ሃሴት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች፣ ልትጨፍርም ወጣች።